ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። ትዕግሥቴ አልቋል። ባለቤቴን ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል።

የባልትና ሥራ አለኝ። ስጀምር በጓሮዬ ለጎረቤት ነበር በርበሬና ሽሮ የማዘጋጀው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ አቶቴ አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ አዲስ አበባ ላሉ ሱፐርማርኬቶችም አቀርባለሁ። ስድስት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ባለቤቴ መምህር ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም። ግን «በቃን» የሚል ቃል ከአፉ አይጠፋም። ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት ስለው በቃን። የራሳችንን ወፍጮ እናስተክል ስለው በቃን። 11 ሰዓት ሲሆን ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። አሞራ ገደል አሳ ያበላቸዋል። እኔ ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ላይ ነኝ።

አብራኝ የጀመረች ጓደኛዬ ፎቅ ሠርታለች፣ መኪና ይዛለች። ስንገናኝ «አንቺ አሁንም እዚያው ነሽ?» ትለኛለች። ይሄን ለባሌ ስነግረው ይስቃል። አንጀቴ ያርራል። አገር ሁሉ እየሮጠ ሰው እንዴት ቁጭ ይላል? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማው ተለውጧል። የቆመ ሰው ይረገጣል።

ሠራተኞቼም የእሱ ጠባይ ተጋብቶባቸዋል። ለፍቼ ጫምባላላ ፈቃድ እያሉ ትእዛዝ ይደራረብብኛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በርበሬው አልደርቅ ይላል። ድሮ ደልዘን ሁለት ሦስት ቀን አፍነን እናሰነብተው ነበር። አሁን ጊዜ ስለሌለ በማግስቱ ነው የምናሰጣው። ትንሽ እርጥበት ቢቀረውም ምጣዱ ይጨርሰዋል። ባለፈው አንዲት የድሮ ደንበኛዬ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የገዙትን ኪሎ በርበሬ መልሰው «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም» አሉኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ብራቸውን ሰጠኋቸው። ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባንክ ሊያበድረኝ ዝግጁ ነው። መያዣው ቤታችን ነው። ባሌ አልፈርምም አለ። ወንድሜ «ሽማግሌ ልከን እናስፈርመዋለን» ይላል። ልቤ ወደዚያ ነው። ሐኪም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ እረፍት ያስፈልግሻል ብሎኛል፤ ሥራው መስመር ሲይዝ እሱም ይስተካከላል።

ሽማግሌ ልላክበት? ምን ብዬስ ላሳምነው? አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ሒሳብ ስሠራ፣ እዚሁ ላይ ባቆም ምን ይመጣብኛል እላለሁ። ወዲያው አፍራለሁ። ለመሆኑ ማቆም ስንፍና ነው?

እህትዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣

ባልሽን ለጊዜው እንተወው። እኔን የያዘኝ ያ የተመለሰው ኪሎ በርበሬ ነው።

እኒያ እናት አፋቸው ጣዕም ይለያል። ምን እንደተለወጠ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው ከዛላው ጋር የሚዋሃዱት ታፍነው ሲሰነብቱ ነው። እነዚያን ቀናት ስታስቀሪ ለደንበኛሽ የሚደርሳት የሚያቃጥል ቀይ ዱቄት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በየሱቁ ሞልቷል። ሰው አንቺ ጋ ይመጣ የነበረው ለዚያ አልነበረም። በደንብ ከሰነበተው ትንሽ ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ፤ ይቅርታ ጠይቂያቸው። እንዲህ ፊት ለፊት የሚነግርሽ ደንበኛ ሁልጊዜ አታገኚም። ሌላው ዝም ብሎ ሱቅ ይቀይራል።

«ምጣዱ ይጨርሰዋል» ባልሽው ግን ተቆጥቻለሁ። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ምጣድሽ ሻጋታውን ይገድል ይሆናል። መርዙን ግን አምነሽበት አትተዪም፤ ወጥ ተሠርቶም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ከተገኘ አያስገባም። ይሄ በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸተት መጠን አይደለም። መጋዘን ውስጥ እርጥበት እያለው የታሸገ ካለሽ አትሽጪው። ይክሰርብሽ። የሰው ልጅ ነው የሚበላው።

ባንኩ ይሄን ሁሉ አያይም። የሚያየው ስንት ኩንታል እንዳወጣሽ ነው። አገርም የምትለካው እንዲሁ ነው። ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለኮንግረሱ ሲያቀርብ፣ የአንድ ሕዝብ ደህንነት ከዚህ ቁጥር ሊታወቅ እንደማይችል እዚያው ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ቁጥሩን ዓለም ሁሉ ወሰደው። ማስጠንቀቂያውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንቺም ደብተርሽ ላይ የበርበሬው ብር መመለሱን ጽፈሻል፤ ለምን እንደተመለሰ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም።

ዕድገት ጠልቼ አይደለም። የሚበላው ያጣን ሰው ቀስ በል አይሉትም። አገራችንም ገና ብዙ መብራት፣ ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ብዙ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ እሱ ይደግ፣ ይፍጠንም። የአንቺ ቤት ግን እዚያ ላይ አይደለም። ሱቁ ይሠራል፤ ስድስት ሴቶችም እንጀራ ያገኙበታል። ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ለማን ነው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቅ ከሠራችው ጓደኛሽ በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘሁበትም።

በዓመት 10 በመቶ የሚያድግ ነገር በ7 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ14 ዓመት አራት እጥፍ። ምጣዱን፣ ማስጫውን፣ ወፍጮውን በብድር ታባዢ ይሆናል። በርበሬው ደርሷል አልደረሰም ብሎ የሚቀምሰው ምላስ ግን የአንቺው አንዱ ነው። እሱ አይባዛም።

ባልሽ የሚወርድበትን ሐይቅም ልብ በዪው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ የለም። ከተማው በጥድፊያ ሲሰፋ የሚለቀው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። አሳውም እንደዚያው ነው። ቀዳዳው ጠባብ መረብ የጣለ ሰው ዛሬ ጀልባው ይሞላለታል። ያወጣው ግን ገና ያልወለደችውን ቆሮሶ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ባለው መረብ የሚያጠምደው ዛሬ ትንሽ ይዞ ይመለሳል፤ የከርሞውን አሳ የሚያተርፍልን ግን እሱ ነው። የኔ ልብ ከእሱ ጋር ነው።

ግፊትሽን በአንድ መስመር አለፍሽው፤ እኔ አላልፈውም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ እንዲህ ካለው የረዥም ሰዓት ሥራ ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም 745,000 ሰው ሞቷል። ቀን በርበሬ፣ ሌሊት ሒሳብ፤ የአንቺን ሰዓት አንቺው ደምሪው። በላዩ ላይ ብድር ሲጨመር ነው ግፊቱ የሚስተካከለው? አይሆንም እህቴ፣ እባክሽ።

ሠራተኞችሽንም አትውቀሺ። ፍቼ ጫምባላላ ለሲዳማ አዲስ ዓመት ነው። አንቺን በእንቁጣጣሽ ዕለት ደልዢ ቢሉሽ እሺ ትያለሽ?

ሽማግሌ አትላኪ። የጋራ ቤት ለማስያዝ ሕጉ የሁለታችሁንም ስምምነት ይጠይቃል። ሽማግሌ አፍሮ የፈረመ ሰው ደግሞ ተስማማ አይባልም። ወንድምሽ አስቦልሽ ነው፤ ግን ዕዳው የሚመጣው እናንተ ቤት ነው።

ባልሽንም ዝም አልለውም። ስትነግሪው መሳቁን አልወደድኩለትም። እሱ ሐይቅ ዳር ሆኖ «በቃን» ሲል አንቺ ደብተር ላይ ነሽ። በቃን ካለ ሒሳቡን ይያዝልሽ። መምህር አይደል? ቁጥር አያቅተውም። አንቺም በ11 ሰዓት ከልጆችሽ ጋር ትወርጃለሽ። ይሄን ደብዳቤ አንብቢለትና እንዲህ አለችህ በይው።

ማቆም ስንፍና ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ሌሊት የሚመጣብሽን ሐሳብ እኔ አምነዋለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ለሱፐርማርኬቶቹ ክረምት ላይ ትንሽ ብቻ እንደምትልኪ ከወዲሁ ንገሪያቸው። ማሰንበቱን መልሺ፤ ካስፈለገ ዋጋ ጨምሪ፣ የለመደሽ ሰው ይከፍላል። ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሐኪሙ ጋ ተመልሰሽ ግፊትሽን ተለኪ፤ ስንት እንደሆነም ጻፊልኝ።