የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለመጻፍ ባሕር መሻገር

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ አርባ ስምንት ሲሆን በሱሉልታ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። አንድ ልብ ወለድ ጀምሬ ከግማሽ በላይ ካደረስኩት በኋላ መቀጠል አቅቶኛል፤ እናቴ አብረውኝ ስለሚኖሩና የወንድሜን ሁለት ልጆችም ስለማሳድግ ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ ቤቱ ይወስደዋል። በቅርቡ የእኅቴ ልጅ በስልኳ አንድ ማስታወቂያ አሳየችኝ። በዕድሜ አጋማሽ ላይ ለሚገኙ ሴቶች በኢጣሊያ፣ በቶስካና ኮረብታዎች ላይ የተዘጋጀ የሰባት ቀን የጽሕፈት ቆይታ ነው። ክፍያው የአውሮፕላን ትኬትን ሳይጨምር 2,400 ዩሮ ሲሆን የየዕለቱን መርሐ ግብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ባለቤቴ «ሱባኤ መግባት ካማረሽ የደብረ ሊባኖስ መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ ጣልያን ምን ያስኬድሻል?» እያለ ይቀልድብኛል። ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ተበድሬ ልሂድ? በአማርኛ የምጽፍ ሰው እዚያ ሄጄ ምን እጠቀማለሁ? ቪዛውስ እንዴት ይሆናል?

ከሱሉልታ

መልስ

ብድሩን አይውሰዱ፤ ባሕር ማዶ ሄዶ የመጻፉን ሐሳብ ግን አይተዉት።

የላኩልኝን መርሐ ግብር ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ አነበብኩት። ከጧቱ 1 ሰዓት ዮጋ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት አስተማሪዋ በምትሰጠው ርእስ ላይ በቡድን መጻፍ፣ ከምሳ በኋላ የወይን እርሻ ጉብኝት፣ 11 ሰዓት ላይ የፓስታ አሠራር ትምህርት፣ ከራት በኋላ ደግሞ የተጻፈውን ለቡድኑ ማንበብ ይላል። ከሰባቱ ቀናት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለመግቢያና ለመውጫ፣ አንዱ ደግሞ ለፍሎረንስ ጉብኝት ተመድበዋል። የቀሩት አራት ቀናት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢታሰቡ በድምሩ ስምንት ሰዓት ነው፤ 2,400 ዩሮ ለስምንት ሲካፈልም የአንዱ የጽሕፈት ሰዓት ዋጋ 300 ዩሮ ይደርሳል። ያም ሰዓት ቢሆን ለእርስዎ ልብ ወለድ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ለሚሠራ መልመጃ የሚውል ነው።

ይህን ስል አዘጋጆቹ አጭበርባሪዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያሉ ጉዞዎች የሚዘጋጁት በአብዛኛው ልጆቿ ወጥተው ቤቷ ጭር ላለባት፣ ጥሪት ላላትና «እኔ ደግሞ ምን ልጽፍ?» እያለች ለምታመነታ ሴት ነው፤ እርሷ የምትሻው አይዞሽ የሚላት ጓደኛና መነሻ ሐሳብ ስለሆነ ለገንዘቧ ተመጣጣኙን ታገኛለች። በእኛ አገር ግን በዚህ ዕድሜ ቤት ጭር ከማለት ይልቅ ይሞላል። ወላጅ ሲደክም ወደ እኛ ይመጣል፤ የእኅት የወንድም ልጅ ለትምህርት ይመጣል፤ የዕድሩ ኃላፊነት፣ የዘመድ ሠርግና ሽምግልና ሁሉ ትከሻችን ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ መነሻ ሐሳብ አልጎደለብዎትም፤ ከግማሽ ያለፈ ረቂቅ በእጅዎ አለ። የጎደለብዎት ያልተቆራረጠ ሰዓትና ለጥቂት ሳምንታት ምሳውንና ራቱን የሚያስብልዎት ሰው ነው።

እነዚህን ሁለቱን ከጸሐፊው የመስተንግዶ ክፍያ ሳይጠይቁ የሚሰጡ ቦታዎች አሉ። መግቢያው ግን የጽሑፍ ሥራ ነው፤ ውድድሩም ቀላል አይደለም። ለሴቶች ብቻ ከተቋቋሙት መካከል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በዊድቢ ደሴት የሚገኘው ሄጅብሩክ በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ስድስት ጎጆዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ አንዲት ጸሐፊ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ማታ ማታ ግን ሁሉም ለራት በአንድ ገበታ ይሰበሰባሉ። ማረፊያውና ምግቡ በነጻ ሲሆን የመጓጓዣው ወጪ የተጓዧ ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. በኒው ሃምፕሸር የተቋቋመው ማክዳውል ወንዶችንም ሴቶችንም የሚቀበል ሲሆን አቅም ለሚያንሳቸው ተቀባይነት ላገኙ አመልካቾች የመጓጓዣ ድጋፍ ይሰጣል። በዚያ ምሳ በቅርጫት ተደርጎ በየጸሐፊው የሥራ ክፍል ደጃፍ ይቀመጣል፤ የሚያንኳኳም የለም። የቅርጫቱ ነገር ለአንዳንድ አንባቢ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ገበታ የምታቀርብ ሴት ግን ከየትኛውም የጽሕፈት ትምህርት አስበልጣ እርሱን እንደምትመርጥ አልጠራጠርም። ሁለቱም ቦታዎች የዕድሜ ጣሪያ የላቸውም፤ ይህም ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነን ሰው ከሚያስቀሩ ብዙ የ«ወጣት ጸሐፊ» ዕድሎች ይለያቸዋል።

ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የጽሕፈት ፕሮግራም በአገራችን ጸሐፊዎች ዘንድ በስም ይታወቃል፤ ነገር ግን ሥራ ላሳተሙ ደራስያን የታሰበ ከመሆኑም በላይ ጊዜው ከትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ጋር ስለሚጋጭ ለኋላ ያቆዩት። ሩቅ ከመሄድ በፊት ካምፓላን ማሰብም አይከፋም። በ1996 እ.ኤ.አ. በይፋ ሥራ የጀመረው ፌምራይት የተባለው የኡጋንዳ ሴት ደራስያን ማኅበር ለአፍሪካ ሴት ጸሐፊዎች የጽሕፈት ቆይታ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ በረራውም ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወደዚያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ መሆኑን አይርሱ።

በአማርኛ መጻፍዎ በእነዚህ ቦታዎች እንቅፋት አይሆንብዎትም፤ በር ዘግቶ የተቀመጠን ጸሐፊ በምን ቋንቋ ትጽፋለህ ብሎ የሚቆጣጠር የለም። እንግሊዝኛ የሚያስፈልግዎ ለማመልከቻው፣ ለናሙናውና ለራት ሰዓት ጨዋታ ነው። ለናሙና የሚሆነውን ምዕራፍ ሲመርጡ ብዙ ማብራሪያ የማይሻውን፣ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበትን ይምረጡ። ትርጉሙን የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ለሚተረጉሙ ጽሕፈት ቤቶች አይስጡ፤ ማኅተማቸው ለኤምባሲ እንጂ ለልብ ወለድ አይበጅም። ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድ የእንግሊዝኛ መምህር በትምህርት ቤትዎ አይጠፋምና ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ቢሠሩት፣ የትርጉሙ እንግሊዝኛ የተራቀቀ ባይሆን እንኳ ድምፁ የእርስዎ ይሆናል። ማመልከቻ የሚዘጋው ከቆይታው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ የሚቀጥለውን ክረምት ካሰቡ ናሙናው ከመስከረም በፊት ቢያልቅ ይመረጣል፤ ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፉም እያንዳንዱን አስተካክለው ይመዝግቡ፤ ጁላይ 1 ማለት ሰኔ 24 ነው፤ እስከዚያ ቀን ፈተና ታርሞ ውጤት ተሞልቶ ያልቅ እንደሆነ ከወዲሁ ያስሉት።

ስለ ቪዛ የጠየቁት የቶስካናውንም ሆነ ሌላውን ጉዞ ይመለከታል። ኢጣሊያ የሼንገን አገር (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ) ስለሆነች የማመልከቻ ክፍያው 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን የተለመደ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ በመሆኑም በሐምሌ ለመሄድ የሚያስብ ሰው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ማመልከቻውን ማስገባት ይኖርበታል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ያስከፍላል፤ ቃለ መጠይቅም አለው። በሁለቱም ዘንድ የሚመዘነው ትመለሳለች ወይስ ትቀራለች የሚለው ስለሆነ ከትምህርት ቤቱ የሥራና የደመወዝ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የቤትዎን የይዞታ ማረጋገጫ ያዘጋጁ፤ የጋበዘዎት ተቋም የሚልከው ደብዳቤም ማረፊያና ምግብ በማን እንደሚሸፈን በግልጽ የሚናገር ይሁን። የሚከፈልባቸው ቆይታዎች አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ባንክ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ሲቀርብለት በመሆኑ ከቪዛ በፊት በዩሮ ክፈሉ የሚል ዝግጅት ገና ከጅምሩ ለእኛ የተመቸ አይደለም። ሐሳብዎን ካልቀየሩ ቢያንስ «ቪዛ ብከለከል ገንዘቤ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

የባለቤትዎን ቀልድ ግን እንደ ምክር ቢወስዱት ይጠቅምዎታል። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ፍቼ ወይም ወደ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ወጥተው አንድ ክፍል ተከራይተው አራት አምስት ቀን ይቀመጡ። በዚያ ሁለት ነገር ያውቃሉ፤ አንደኛው ቤቱ ያለ እርስዎ እንዴት እንደሚያድር፣ ሁለተኛው ብቻዎን ሲሆኑ በርግጥ ይጽፉ ወይስ እንቅልፍ ይወስድዎት እንደሆነ ነው። ደክሞዎት ከሆነ መተኛቱም አይነወርም፤ ያ ግን እዚህ ቢያልቅ ይሻላል። የእናትዎን መድኃኒት ማን በስንት ሰዓት እንደሚሰጣቸው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዳይ ማን እንደሚከታተል በስም ይመድቡ፤ የልጆቹ አባት ወንድምዎ ነውና ከእርሱ መጀመር ያስኬዳል። «ለቅሶ ቢያጋጥምስ?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ለዕድሩ ዳኛ አስቀድሞ አስታውቆ፣ ተወካይ ሰይሞ መሄድ በየዕድሩ የተለመደ ነው፤ ዓረብ አገር ለሚሄዱት የተፈቀደ ነገር ለመጻፍ ለምትሄድ ሴት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ

የአምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ በለገጣፎ እየኖርኩ በአንድ የግል ሆስፒታል በነርስነት ካገለገልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ውጭ አገር ለሃያ ስምንት ቀን የጽሕፈት ቆይታ ተቀባይነት አግኝቻለሁ፤ አለቃዬ ግን «ለእንዲህ ያለ ነገር ፈቃድ የለም» አሉኝ። መብቴ ምን ድረስ ነው?

ከለገጣፎ

መልስ

ለጽሕፈት ተብሎ የተለየ ፈቃድ በሕጉ ስለሌለ በዚህ በኩል አለቃዎ አልተሳሳቱም፤ የዓመት ዕረፍትዎን ግን ለምን እንደሚያውሉት ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን እየተጨመረ ይታሰባል። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት 21 የሥራ ቀናት ይደርስዎታል ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ ከሆነ ሃያ ስምንቱ ቀን 24 የሥራ ቀናት ስላሉት የሚጎድሉዎት ሦስት ቀናት፣ ከነመንገዱም አምስት ያህል ናቸው። ካለፈው ዓመት በስምምነት የተላለፈ ዕረፍት ካለዎት እርሱ ይሸፍናቸዋል፤ ከሌለዎት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ይህ ግን በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ዕረፍቱ የሚሰጥበትን ጊዜ የሚወስነው አሠሪው በሚያወጣው ፕሮግራም ሲሆን የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን ማገናዘብ ስላለበት፣ የመረጡትን ወር ጠቅሰው የዓመቱ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ተራዎን የምትሸፍንልዎትን ባልደረባ ስምም አብረው ቢያቀርቡ የአለቃዎ ሥጋት በግማሽ ይቀላል። ለኤምባሲ የሚቀርበው የፈቃድ ደብዳቤም የመመለሻዎንና ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን በግልጽ የያዘ ይሁን።