የሱቅ ፖይንታችሁ ኤክስፓየር ሳያደርግ ወደ አየር ማይል መቀየር (እንግሊዝ ሀገር ላላችሁ) ጥያቄና መልስ

ሰላም እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት የአውቶቡስ ካርዳቸውን ሲፈልጉ ከቦርሳቸው የሱፐርማርኬት ቫውቸር በላስቲክ ታስሮ ወጣ፣ አንድ በአንድ ሳየው ከግማሽ በላዩ ቀኑ አልፎበታል። እሳቸው ማስታወቂያ ነው ብለው ነው ያስቀመጡት። አንጀቴን በላኝ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጥያቄውም ጎረፈ። የማወራው እዚሁ እንግሊዝ ሀገር ስላሉት ካርዶች ብቻ ነው፣ ሌላ ሀገር ያላችሁ ህጉ ይለያል። አየር ማይል ማለት የበረራ ቲኬት የሚቆረጥበት የአየር መንገድ ፖይንት ነው።

ጥያቄ፦ የቴስኮም የሴንስበሪም የቡትስም የአስዳም ካርድ አለኝ። የትኛው ነው ወደ አየር መንገድ የሚሄደው?

መልስ፦ ሁለቱን ያዢ። የሴንስበሪው ኔክታር ወደ አቪዮስ ይቀየራል፣ አቪዮስ ማለት ብሪቲሽ ኤርዌይስ እና ኳታር ኤርዌይስ የሚጠቀሙበት ማይል ነው። የቴስኮ ክለብካርድ ደግሞ ወደ ቨርጂን ፖይንት ይቀየራል፣ እሱ የቨርጂን አትላንቲክ አየር መንገድ ማይል ነው። ድሮ ቴስኮም ወደ አቪዮስ ይሄድ ነበር፣ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ግን አቪዮስ ከኔክታር ጋር ነው፣ የድሮውን የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የቡትስና የአስዳውን እዛው ሱቁ ውስጥ ተጠቀሚበት፣ አየር ላይ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው? አንዱ 1 ዓመት ይለኛል አንዱ 2 ዓመት ይለኛል አንዱ አያልፍም ይለኛል

መልስ፦ ሶስቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። ኔክታር 12 ወር ሙሉ ምንም ካልሰበሰብክበት ካላወጣህበትም ፖይንቱ ሊወሰድ ይችላል፣ ስለዚህ በዓመት አንዴ እንኳን ወተት ስትገዛ ካርዱን ካስነካህ ይቆያል። የቴስኮው ፖይንት 150 ሲሞላ የ1.50 ፓውንድ ቫውቸር ይሆናል፣ ቫውቸሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው ያለው፣ ካርዱን በየቀኑ ብትጠቀምበት እንኳን የድሮውን ቫውቸር አያድነውም። ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ ካርዴን እየተጠቀምኩ ነው ብሎ ይዘናጋል። አሁኑኑ አፑን ክፈትና ቫውቸር የሚለው ጋ ገብተህ ቀኖቹን እይ። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ የቨርጂን ፖይንት ጊዜ አያልፍበትም፣ አቪዮስ ደግሞ 36 ወር ምንም እንቅስቃሴ ከሌለበት ነው የሚጠፋው።

ጥያቄ፦ በ2023 ለስራ ስበር ያገኘሁት አቪዮስ አለኝ፣ ከዛ በኋላ በርሬ አላውቅም። ሊጠፋ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ 36 ወሩ የሚቆጠረው ከመጨረሻው እንቅስቃሴ ነው፣ እንቅስቃሴ ማለት ደግሞ መብረር ብቻ አይደለም። ከኔክታርህ ትንሿን መጠን ማለትም 400 ፖይንት ወደ አቪዮስ ብታሻግር ያ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠርና የቆየው ሁሉ እንደገና 36 ወር ያገኛል። 400 ኔክታር 2 ፓውንድ ነው። በ2 ፓውንድ የሱቅ ፖይንት የብዙ ሺህ ማይል ታድናለህ፣ እንዳታሳድረው።

ጥያቄ፦ ግን ያዋጣል? ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ብንገዛበት ይሻለናል ትላለች

መልስ፦ ባለቤትህ ብዙ ጊዜ ልክ ናት፣ በደንብ እናስላው። 400 ኔክታር 250 አቪዮስ ይሰጥሃል። 20,000 ኔክታር ቢኖርህ ሱቅ ውስጥ 100 ፓውንድ ነው፣ ብትቀይረው 12,500 አቪዮስ ነው። ስለዚህ አንዱን አቪዮስ በ0.8 ፔንስ ገዛኸው ማለት ነው። አሁን የምትፈልገውን በረራ በካሽ ስንት እንደሆነ እይ፣ በማይል ስትይዝ በካሽ የምትከፍለውን ታክስ ቀንስ፣ የቀረውን ለአቪዮሱ ብዛት አካፍል። ከ0.8 ፔንስ በላይ ከመጣ አትርፈሃል፣ ካነሰ ዘይትና ሩዝ ግዛበት። ቴስኮ ላይ 1.50 ፓውንድ ቫውቸር 300 ቨርጂን ፖይንት ነው፣ ማለትም 30 ፓውንድ ቫውቸር ያለው 6,000 ያገኛል። ቴስኮ ላይ ሌላ አማራጭም አለ፣ እንደ ፒዛ ኤክስፕረስ ባሉ አጋሮቹ ጋ ቫውቸሩ እጥፍ ይሆናል፣ ልጆች ያላችሁና መብረር ያላሰባችሁ እሱን እዩት። እኔ ሁልጊዜ የምለው መጀመሪያ በማይል የሚያዝ ወንበር መኖሩን ፈልጉ ከዛ ቀይሩ ነው። ቀኑ ሊያልፍ የደረሰ ቫውቸር ካልሆነ በቀር መድረሻ ሳይኖራችሁ ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። የኔክታሩ ከአቪዮስ ወደ ኋላም ይመለሳል፣ ግን በምን ተመን እንደሚመልሱላችሁ አይታችሁ ነው የምትነኩት።

ጥያቄ፦ ዋናው ነገር አዲስ አበባ ያደርሰኛል ወይ?

መልስ፦ ያደርሳል፣ በዶሃ በኩል። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ራሱ አዲስ አበባ አይበርም፣ ኳታር ግን ይበራል፣ ከ2022 ጀምሮ የኳታር ማይልም አቪዮስ ሆኗል። ስለዚህ መንገዱ ኔክታር፣ ከዛ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አካውንት፣ ከዛ የኳታር አካውንት ነው፣ ከብሪቲሽ ወደ ኳታር አንድ ለአንድ ነው የሚሻገረው ምንም አይቀነስም። ኳታር ከሂትሮው ብቻ ሳይሆን ከማንችስተርም ከኤደንብራም ስለሚነሳ ለንደን ያልሆናችሁ ተጠቀሙበት።

ማይል አለኝ ብላችሁ በነፃ እሄዳለሁ ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ። ከእንግሊዝ ስትነሱ መንግስት የሚወስደው የመንገደኛ ታክስ አለ፣ አዲስ አበባ ርቀቱ ሁለተኛው እርከን ውስጥ ስለሆነ በኢኮኖሚ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአንድ ሰው 102 ፓውንድ ነው፣ ከዛ በላይ አየር መንገዱ የራሱን ይጨምራል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢኮኖሚ ይሄን የመንግስት ታክስ አይከፍሉም፣ ሶስት አራት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሲመለሱ ከአዲስ አበባ ስለሚነሱ የእንግሊዙ ታክስ የለም። ሻንጣውንም ቲኬቱ ላይ በደንብ እዩ፣ የኢትዮጵያን ሁለት ሻንጣ የለመደ ሰው በርበሬና ሽሮውን ሲመለስ የት ሊያደርገው ነው።

ጥያቄ፦ ከብሪቲሽ ወደ ኳታር ላሻግር ስል መረጃው አይመሳሰልም እያለ እምቢ አለኝ። 3 ቀን ሞከርኩ

መልስ፦ ይሄ የኛ ሰው ትልቁ ችግር ነው ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሁለቱ አካውንት እንዲገናኙ ስም የትውልድ ቀንና ኢሜይል አንድ መሆን አለባቸው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። አንዱን ፎርም ስንሞላ የአባታችንን ስም ላስት ኔም አልን፣ ሌላውን ስንሞላ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የአያታችንን ስም፣ አንዳንዷ ካገባች በኋላ የባሏን። ሶስት ቦታ ሶስት ሰው ሆነን ማለት ነው። ከዛ በላይ የላቲኑ ፊደል አለ፣ ፀሐይ የምትባል ሴት አንድ ቦታ በቲ ኤስ ጀምራ ሌላ ቦታ በቲ ዜድ ትፅፋለች፣ ጥላሁን የሚባለው አንዴ ኤች አለው አንዴ የለውም። ኮምፒውተሩ ይሄን አያውቅልንም፣ አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ሰው ነው።

የትውልድ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ አለ፣ ዓመቱ 7 ወይም 8 ይለያያል። ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተፃፈለትና ሌላ ቦታ እውነተኛውን ቀን የሞላም አለ። መፍትሄው አንድ ነው፣ ፓስፖርትህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ሁሉንም አካውንት እንደ ፓስፖርቱ አድርግ፣ ፊደል በፊደል። ስም በራስህ መቀየር ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ ደውለህ ወይም ፅፈህ የፓስፖርት ኮፒ ትልካለህ፣ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ፖይንታችሁ ሊያልፍ ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩ የምለው፣ ስሙን ዛሬ አስተካክሉና መቀየሩን ስትፈልጉ አድርጉት። እስከዛው ደግሞ የኳታርን በረራ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረገፅ ላይም በአቪዮስ መያዝ ስለሚቻል ሳታሻግር እዛው ሞክር።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ልወልድ ነው፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እንድታርሰኝ እፈልጋለሁ። በኔ አቪዮስ ለሷ መቁረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ በሰላም ያገላግልሽ። ትችያለሽ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ ብቻሽን ያለሽበት አካውንት ከሆነ ለፈለግሽው ሰው ትቆርጫለሽ። ከባለቤትሽ ጋር የቤተሰብ አካውንት ከከፈታችሁ ግን ለአባላቱና ዝርዝር ውስጥ ላስገባችኋቸው ሰዎች ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ስለዚህ እናትሽን ቀድመሽ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቢ። ቪዛዋ እስኪወጣ ደግሞ አትጨነቂ፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ በማይል የተያዘ ቲኬት ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ድረስ ይሰረዛል፣ ለአንድ ሰው 35 ፓውንድ ቢቆርጡብሽ ነው፣ ማይሉም ታክሱም ይመለሳል። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው በካሽ ከሚገዛው ርካሽ ቲኬት ይልቅ ይሄ የተሻለ የሆነበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ህፃኑን ይዘሽ ስትሄጂ ደግሞ ከ2 ዓመት በታች ጭንሽ ላይ ለሚቀመጥ ልጅ የአቪዮሱን 10 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚጠይቁት፣ ከዛ ካለፈ እንደ ትልቅ ሰው ሙሉ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ትንሽ ትንሽ አለን፣ አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ የቤተሰብ አካውንት የሚባለው ነው፣ አንድ አድራሻ ላይ ያላችሁ እስከ 7 ሰው። ከላይ ለእህታችን የነገርኳትን ግን አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ወደ ሸባ ማይልስ በቀጥታ አይቀየርም?

መልስ፦ ኔክታርም ቴስኮም በቀጥታ ወደ ሸባ ማይልስ፣ ማለትም ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ማይል፣ አይሄዱም። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ህብረት ውስጥ ነው፣ ብሪቲሽና ኳታር ዋንወርልድ ናቸው፣ ቨርጂን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ስካይቲም፣ ሶስቱ የተለያየ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ስትበሩ ሸባውን ለብቻው ሰብስቡ፣ የሱቁን ለዚህኛው።

ጥያቄ፦ ለገና አገር ቤት ለመሄድ በጥቅምት ስፈልግ ምንም ወንበር የለም። ውሸት ነው እንዴ ነገሩ

መልስ፦ ውሸት አይደለም፣ አርፍደህ ነው ወንድሜ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረገፅ ላይ ወንበር መያዝ የሚጀመረው ከበረራው 355 ቀን በፊት ነው። ቁጠረው፣ የሚመጣውን ዓመት ገና ለመሄድ ዘንድሮ ጥምቀት አካባቢ ነው መፈለግ ያለብህ። ፈረንጁም ለገናውና ለአዲስ ዓመቱ የሚበረው በዛው ሰሞን ስለሆነ ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚሻማው። ቀን መቀያየር ከቻልክ ግን እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ ሞክር፣ እዚህ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ፈረንጁ ተመልሶ ገብቷል፣ እኔ ሁለቴ ያገኘሁት መስከረም ላይ ነው። አንደኛው ጊዜ ደመራ ላይ ከአባቴ ጋር ቆሜ ነበር፣ ለዛ ቲኬት ታክሱን ብቻ ነው የከፈልኩት፣ ሌላው የሁለት ዓመት አስቤዛ ነው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሰርግ አላት፣ 90 ፓውንድ የቴስኮ ቫውቸር አለኝ

መልስ፦ 18,000 ቨርጂን ፖይንት ይሆንልሻል። ቨርጂን ከሂትሮው ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በቀጥታ ይበራል፣ ከዛ ሜሪላንድ ቅርብ ነው። ዋጋው በየቀኑ ስለሚቀያየር ሳትቀይሪ መጀመሪያ የሰርጉን ሳምንት ግራና ቀኙን እይ፣ ከለንደን ስትነሺ የሚጨምሩት ክፍያ ከባድ ነው እሱንም ደምሪ። ካልተመቸሽ ግን የቨርጂኑ ጊዜ ስለማያልፍበት ቫውቸርሽ ሊያበቃ ከደረሰ ቀይረሽ አስቀምጪው፣ ለሌላ ሰርግ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አምና የአንድ ሱቅ ፖይንቴን የሆነ ሰው ሌላ ከተማ ተጠቅሞበት ባዶ ሆኖ አገኘሁት

መልስ፦ በጣም ያሳዝናል፣ ደርሶብኛል ያለኝ ሰው አንተ ብቻ አይደለህም። ፖይንት እንደ ባንክ ገንዘብ በጥንቃቄ አይያዝም፣ ሌባው ይሄን ያውቃል። ፓስወርዱን ከሌላው ሁሉ ለየት አድርገው፣ ኔክታር አፕ ላይ ፖይንቱ እንዳይወጣ የሚቆልፍ አለ እሱን አብራው። ፖይንቴን በጥሩ ዋጋ ልግዛህ ኮድህን ላክልኝ የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ ካጋጠመህ ብሎክ አድርገው፣ የአገርህ ልጅ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ ስልክ ላይ አልችልም፣ ባለፈው እሁድ ያየሽው ቫውቸር የኔ ነው። ያልፋል ያልሽኝ ስንት ቀረው?

መልስ፦ እናቴ፣ ያለፉትን ለብቻ አድርጌልዎታለሁ፣ ያላለፉት 7 ናቸው፣ የመጀመሪያው ገና 5 ሳምንት አለው አይጨነቁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ላስቲኩን እንዳለ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ፓስፖርትዎንም ይያዙ። ስምዎን እንደ ፓስፖርቱ አድርገን አካውንቱን አብረን እንከፍታለን፣ ከዛ ቁጭ ብለን እናያለን፣ ለአስቤዛ ይሻልዎታል ወይስ ለአገር ቤት መንገድ እርስዎ ይወስናሉ።