ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የአባቴ የኩላሊት ዕጢ በ«ፕሮቲን ምልክት» ይለይ ተባለ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የ61 ዓመቱ አባቴ በሽንታቸው ደም ታይቶ ሲመረመሩ በቀኝ ኩላሊታቸው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ተገኘባቸውና ኩላሊቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። የፓቶሎጂው ወረቀት «ኦንኮሳይቶማ ወይም ክሮሞፎብ፤ በፕሮቲን ምልክቶች ይለይ» ስለሚል ናሙናውን አዲስ አበባ ውሰዱ ተባልን። አባቴ ግን «ፕሮቲን» ሲባል ሰምተው ሥጋና እንቁላል ትተዋል። ነገሩ በደም ምርመራ አይታወቅም? ወደፊት ምን እንደሚገጥማቸውስ ይናገራል?

መልስ፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፕሮቲን ከምግብም ሆነ በሽንት ከሚወጣው ፕሮቲን ጋር አይገናኝም። ስለዚህ የቀረው ኩላሊት ደህና መሥራቱ በክሬያቲኒን ምርመራ ታይቶ ሐኪማቸው ካልከለከሏቸው በቀር አባትዎ በመጠኑ ሥጋም እንቁላልም ይብሉ።

የዕጢው ሕዋሳት በላያቸውና በውስጣቸው የየራሳቸውን ፕሮቲኖች ይይዛሉ። ፓቶሎጂስቱ በሰም ከተዘጋው ናሙና ስስ ቅጠል ቆርጦ አንዱን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ያፈስበታል፤ ፕሮቲኑ ካለ ቦታው ቡናማ ይሆናል። ከኩላሊት ካንሰሮች ከ100 ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት ጥርት ሕዋስ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ በእነዚህ ላይ «ሲኤ 9» የተባለው ፕሮቲን የእያንዳንዱን ሕዋስ ጠርዝ ዙሪያውን አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል። የአባትዎ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ኦንኮሳይቶማም ክሮሞፎብም የተባሉት ሁለቱ የኩላሊት ዕጢ ዓይነቶች «ሲዲ 117» የተባለውን ፕሮቲን ስለሚያሳዩ በእርሱ ብቻ አይለዩም። የሚለያቸው በአብዛኛው «ሲኬ 7» ነው፤ በክሮሞፎብ በሰፊው ሲያቀልም፣ በኦንኮሳይቶማ ግን አልፎ አልፎ በተበተኑ ሕዋሳት ላይ ብቻ ይታያል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኦንኮሳይቶማ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው፣ ክሮሞፎብ ግን ካንሰር ነው፤ ቢሆንም ከጥርት ሕዋስ ዓይነት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው።

በደም ይታወቃል ወይ ላሉት፣ የለም። ለፕሮስቴት «ፒኤስኤ» እንዳለ ሁሉ ለኩላሊት ዕጢ በተለመደው ሕክምና የሚሠራበት የደም ፕሮቲን እስካሁን አልተገኘም፤ «ኪም 1» የተባለው ተስፋ ቢጣልበትም ገና በጥናት ላይ ነው። «የኩላሊት ካንሰር የደም ምርመራ አለን» ለሚላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስለ ወደፊቱ፣ ፕሮቲኖቹ የሚናገሩት ብዙዎች ከሚጠብቁት ያነሰ ነው። በጥርት ሕዋስ ካንሰር «ባፕ 1» የተባለው ፕሮቲን መጥፋቱ መጥፎ ምልክት መሆኑ ይታወቃል። «ሲኤ 9» ማነሱም እንዲሁ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን አልተስማሙበትም። እኔ መጀመሪያ የማየው የዕጢውን መጠን፣ ወደ ኩላሊቱ ዙሪያ ስብና ወደ ደም ሥር መዝለቁን፣ በዕጢው ውስጥ የሞተ ሥጋ መኖሩን ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከኩላሊቱ ካልወጣ ክሮሞፎብ እንኳ ቢሆን ተስፋው መልካም ነው። በክሮሞፎብ ላይ የተለመደው የ1 እስከ 4 ግሬድ፣ ማለትም የካንሰሩ ሕዋሳት ምን ያህል እንደተለወጡ የሚያሳየው ደረጃ፣ አይሰጥም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ባያገኙት ተረስቷል ብለው አይጨነቁ።

ናሙናውን ስትወስዱ ብሎኩን፣ የተቀቡትን መስታወቶችና የመጀመሪያውን ወረቀት አብራችሁ ያዙ፤ መስታወቱ ብቻ ከሄደ አዲስ ቅጠል መቁረጥ አይቻልም። ብሎኩ በሰም የተሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ካሴት ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ፤ ሰሙ በሙቀት ይለሰልሳል። ካሴቱ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑንም ከላቦራቶሪው ከመውጣታችሁ በፊት አመሳክሩ።