ፊትና መንጋጋን የመታ ጥይት፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የጤና አምዳችን በፊትና በመንጋጋ ላይ ስለሚደርስ የጥይት ጉዳት ከቀረቡልን ጥያቄዎች ስድስቱን እንመልሳለን። ጠያቂዎቹ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና የቁስለኞች ቤተሰቦች ናቸው።

*የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዎች ነን። ፊቱን በጥይት የተመታን ሰው በቃሬዛ ላይ በጀርባው አስተኝተን ነው የምናጓጉዘው። ትክክል ነን?*

አይደላችሁም፤ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። የምላስ ትልቁ ጡንቻ የተያያዘው ከአገጭ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ጋር ነው። ጥይት አገጩን ሲሰባብረው ምላስ መያዣውን ያጣል። ቁስለኛው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ተንሸራቶ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ደሙ፣ የተሰበረው ጥርስና የአጥንቱ ስብርባሪም ወደዚያው ይወርዳሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊታቸውን የቆሰሉ ወታደሮች በቃሬዛ ላይ በጀርባቸው እንደተኙ ታፍነው ሞተዋል።

ራሱን የሚያውቅ ቁስለኛ ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎንብስ፤ ደሙንና ምራቁን ይትፋው እንጂ አይዋጠው። የተዋጠ ደም ያስታውካል። ካልተቀመጥኩ ብሎ የሚታገል ሰው አየር አጥሮት ነውና በግድ አታስተኙት። ራሱን ከሳተ ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ደረቱ በአንድ መስመር እንደሆኑ በጎኑ ይተኛ። ምላሱ ወደ ኋላ ከሄደ በጎዝ ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡት፤ በባዶ እጅ ያዳልጣል። በጣት የምታወጡት በዓይን የሚታያችሁን ነገር ብቻ ነው።

አገጭን ከአናት ጋር በፋሻ አጥብቆ ማሰርም ይቅር። የተሰበረውን መንጋጋ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ቁስለኛው ቢያስታውክም መውጫ ያሳጣዋል። ደሙን በንጹህ ጎዝ ወይም ጨርቅ በቀጥታ ተጭናችሁ አቁሙ። ዓይኑ የተጎዳ ከመሰላችሁ ግን በዓይኑ ላይ አትጫኑ፤ ሳይነካው በሚከልለው ጠንካራ ነገር ሸፍኑት። የተንጠለጠለ ቆዳ ወይም ከንፈር ፈጽሞ አይቆረጥ። ወደ ቦታው መልሳችሁ በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ አልብሱት።

*በትንሽ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከአፍና ከአፍንጫ የሚወርደው ደም በመጫን ብቻ አልቆም ሲል ወደ ሆስፒታል ከመላኬ በፊት ምን ማድረግ እችላለሁ?*

ከደሙ በፊት ትንፋሹን ያስቡ። የፊት እብጠት በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት እየጨመረ ይሄዳል፤ አሁን የሚያወራዎት ሰው መንገድ ላይ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ አፉና ጉሮሮው በጎዝ ከመታጨቁ በፊት የመተንፈሻ ቱቦ ቢገባለት ይመረጣል። በአፍ ማስገባት ካልተቻለ፣ የሠለጠነ ሰው በአንገት ፊት ለፊት ከማንቁርቱ እብጠት በታች ባለው ስስ ሽፋን በኩል ቀዶ ቱቦ ያስገባል። መካከለኛው ፊት ሲደቅ የራስ ቅሉ ወለልም ሊሰበር ስለሚችል፣ የመተንፈሻም ሆነ የምግብ ቱቦ በአፍንጫ በግምት አይገባም።

ከአፍንጫው ኋላ ለሚፈስ ደም የሽንት ካቴተር ይረዳል። ቁጥር 12 ወይም 14 ይውሰዱና በአፍንጫው ወለል ላይ አግድም ይግፉት፤ ወደ ላይ እንዳያቀኑት። ጫፉ ከለስላሳው ላንቃ ኋላ ሲታይዎት በካቴተሩ ጫፍ ያለውን ፊኛ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሙሉት፣ እስኪይዝ ቀስ ብለው ወደ ፊት ይሳቡት፣ ከዚያ የአፍንጫውን ፊት በረጅም ጎዝ ይጠቅጥቁት። ካቴተሩ በአፍንጫው ጠርዝ ላይ በቀጥታ ከተጫነ ቆዳው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በመሐል ጎዝ ያድርጉ። ስንት ጎዝ እንዳስገቡና በስንት ሰዓት እንዳስገቡት በመላኪያው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የተረሳ ጎዝ ይመረቅዛል።

ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ካለዎት 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ስር ይስጡ፤ ቀጣዩ 1 ግራም በ8 ሰዓት ውስጥ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሊጎዳ ስለሚችል አይጀመርም። ቁስሉ ከአፍ ጋር ስለሚገናኝ ፀረ ባክቴሪያ ቶሎ ይጀመር፦ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር፣ ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ክሊንዳማይሲን። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባቱንም አይርሱ። ከዚህ በፊት መከተቡ ካልታወቀ ከክትባቱ ጋር 250 ዩኒት የቴታነስ ኢሚዩኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ይጨመርለታል።

*በቀዶ ሕክምና ሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። የጥይት ቁስል በሰፊው ተቆርጦ ክፍት ይተዋል ተብለን ተምረናል። ፊት ላይስ?*

ያ ሕግ የእጅና የእግር ነው። ፊት ደም የጠገበ አካል ስለሆነ፣ በጣት ስፋት ድልድይ ብቻ የተንጠለጠለ ከንፈር እንኳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቆርጠው የጣሉት የከንፈር ጠርዝ ወይም የዓይን ሽፋን ግን ከሌላ የሰውነት ክፍል በሚወሰድ ሥጋ መልኩን አያገኝም። የምንመክረው አብዝቶ ማጠብን፣ አሳንሶ መቁረጥን ነው። ቁስሉን በብዙ ሳላይን ይጠቡት። በቆዳው የተሰገሰገውን ባሩድና አፈር በለስላሳ ብሩሽ በመጀመሪያው ቀን ያውጡት፤ ከቆየ እንደ ንቅሳት ታትሞ ይቀራል። የሚቆረጠው የጠቆረና የደቀቀ ጠርዝ ብቻ ነው፣ እሱም 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከሽፋኑ ወይም ከጡንቻ ጋር የተያያዘ አጥንት ይቆይ፤ ከሁሉም ተላቆ የሚንሳፈፈው ስብርባሪ ሞቶ ስለሚመረቅዝ ይውጣ። ጥርሶቹንም ይቁጠሩ፤ የጎደለው በቁስሉ ውስጥ ካልተገኘ የደረት ራጅ ያስነሱ፣ ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በፈጣን ጥይት የተመታ ሥጋ ዛሬ ደህና መስሎ ነገ ሊሞት ስለሚችል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ተከፍቶ ይታያል።

ጥገናው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። መጀመሪያ የአፍ ውስጥ ሽፋን ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ ይሰፋል፤ ስብራት ላይ ከሚደርሱ መመርቀዞች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ወደ አጥንቱ ከሚሰርግ ምራቅ ነው። ቀጥሎ ጥርሶች ይገጠማሉ፣ አጥንት የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ደጋግመን ስላየን አጥብቀን እንናገራለን፦ በራጅ ላይ ያማረ መንጋጋ ጥርሱ ካልገጠመ አያኝክም። በላይኛውና በታችኛው ጥርስ ላይ ቅስት ብረት አስረው በሽቦ ያገናኟቸው፣ ግጥሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ፣ አጥንቱን በብሎን የሚይዘውን ፕሌት (ጠፍጣፋ ብረት) ከዚያ ያስቀምጡ። ለተሰባበረ ወይም ለጎደለ አጥንት ትንንሽ ፕሌቶች አይበቁም። ባለ 2.4 ሚሊ ሜትር ፕሌት፣ በየጎኑ ቢያንስ 3 ብሎን በጤነኛ አጥንት ላይ ይፈልጋል። ፕሌቱን የሚሸፍን ሥጋ ከሌለ ለጊዜው ከውጭ በሚታሰር ብረት ያቁሙት።

ቆዳው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ስፌት የከንፈር ቀዩና ቆዳው የሚገናኙበት መስመር ላይ ይሁን፤ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ፊት ለፊት የሚያወራው ሰው ያየዋል። ሥጋ ከጎደለ ጠርዞቹን በግድ ጎትተው አያገናኙ። ቆዳውን ከአፍ ውስጥ ሽፋን ጋር ሰፍተው ክፍተቱን ለቀጣዩ ቀዶ ሕክምና ይተዉት።

የማደንዘዣ መርፌ ከመውጋትዎ በፊት ቁስለኛው ግንባሩን እንዲያነሳ፣ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ጥርሱን እንዲያሳይ ያድርጉ። የፊት ነርቭ የተቆረጠው ከዓይን ውጫዊ ጫፍ ቁልቁል ከሚወርደው መስመር ወደ ጆሮ በኩል ከሆነ ተፈልጎ ይሰፋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ከአንጎል የራቀው የነርቩ ጫፍ ለኤሌክትሪክ መቀስቀሻ መልስ መስጠት ስለሚያቆም ፍለጋው ይከብዳል። የጉንጭ ቁስል ከጆሮ ቀዳዳ ፊት እስከ ላይኛው ከንፈር መካከል ያለውን መስመር ካቋረጠ ደግሞ የምራቅ ቱቦውን ይጠራጠሩ። በላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ አንጻር ካለው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ያስገቡ፤ በቁስሉ ብቅ ካለ የምራቅ ቱቦው ተቆርጧል።

*ወንድሜ ከተመታ ወራት አልፈዋል፤ ጥይቱ ግን አሁንም ፊቱ ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ለምን ተዉት?*

ጥይቱን ለማውጣት የሚቆረጠው ነርቭና የደም ስር ብዙ ጊዜ ከጥይቱ ይበልጥ ስለሚጎዳ ነው። የሚወጣው በቀላሉ ሲደረስበት፣ ሲመረቅዝ፣ ትልቅ የደም ስር ላይ ሲያርፍ ወይም የመንጋጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን ነው። በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ እርሳስ እየሟሟ ደም ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱ የማይታወቅ የሆድ ቁርጠት፣ ድካምና የደም ማነስ ከመጣ በደሙ ያለው እርሳስ ይለካ። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ከታዘዘለትም ብረት እንዳለበት አስቀድሞ ይናገር።

*የባለቤቴን መንጋጋ በሽቦ አስረው ወደ ቤት ላኩን። ቢያስታውክስ? ምንስ ላብላው?*

የሽቦ መቁረጫ ሌት ተቀን ከእሱ አይለይ። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የትኞቹ ሽቦዎች እንደሚቆረጡ በመስታወት ፊት ያሳዩዎት፤ እነሱም ላይኛውን ከታችኛው የሚያገናኙት ቁልቁል የቆሙት ናቸው። በላስቲክ ከታሰረ መቀስ ይበቃል። ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ተቀምጦ ያጎንብስ። ፈሳሽ ትውከት በጥርሶቹ መሐልና ከመጨረሻዎቹ ጥርሶች ኋላ ይወጣል። ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳያመነቱ ይቁረጡ፤ ሽቦ ተመልሶ ይታሰራል።

ለሚያገግም ሰው በቀን በኪሎ ከ30 እስከ 35 ካሎሪና 1.5 ግራም ያህል ፕሮቲን እንመክራለን። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1,800 እስከ 2,100 ካሎሪና 90 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሾርባ ብቻውን አይጠጣ፤ በውስጡ የበሰለ ምስር፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ተፈጭቶና ተጣርቶ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ተጨምሮበት ይሁን። በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ይስጡት። ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ለስላሳ ቱቦ ሰክተው በጉንጩ በኩል ቀስ ብለው ያፍስሱለት። በየሳምንቱ ይመዝኑት። እንክብሎቹን ከመፍጨትዎ በፊት ፋርማሲስት ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አይፈጩም።

ከምግብ በኋላ ሁሉ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፣ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ይቦረሽ፤ ጠዋትና ማታ በ0.12 ፐርሰንት ክሎርሄክሲዲን ለ30 ሰከንድ ይጉመጥመጥ። ሲጋራ ይቁም፤ የአጥንት መግጠምን ያዘገያል። ሽቦው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የመንጋጋ መገጣጠሚያው አንገት ከተሰበረ ግን መንጋጋው ደርቆ እንዳይቀር ቀደም ብሎ ይፈታል። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም የሚጨምር እብጠት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። ከአፍንጫው እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደም ከአንጎል ዙሪያ የሚፈስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ እስከዚያ አፍንጫውን አይናፈጥ።

*ልጄ ከመንጋጋው 8 ሴንቲ ሜትር አጥንት ጎድሎታል፤ ሽቦው ከተፈታም በኋላ አፉ የሚከፈተው አንድ ጣት ያህል ነው። ከንፈሩ ደንዝዟል፤ ሰው ማየትም አይፈልግም። ምን ተስፋ አለው?*

አጥንቱ ይተካል። እስከ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ክፍተት፣ የሚሸፍነው ሥጋ ጤነኛ ከሆነ ከዳሌ የሚወሰድ አጥንት ይበቃል። ለ8 ሴንቲ ሜትር ግን የተሻለው ከባት ጎን ያለው ቀጭኑ አጥንት ከነደም ስሩ፣ ካስፈለገም ከነቆዳው ተወስዶ፣ ደም ስሩ በማይክሮስኮፕ ከአንገት ደም ስር ጋር ሲሰፋ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እንዳይላላ የአጥንቱ የታችኛው 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ የእግሩ ደም ስሮችም አስቀድመው በሲቲ (ውስጥን በዝርዝር በሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ይታያሉ። ፕሌቱ ይዞታል ተብሎ ለዓመታት አይተው፦ ከማኘክ ብዛት ብሎኑ ይላላል ወይም ፕሌቱ ይሰበራል፣ ጠባሳውም እየተኮማተረ ለአዲሱ አጥንት ቦታ ያሳጣል። ቁስሉ እንደዳነ ስለ ቀጠሮው ይጠይቁ።

የአፍ መከፈት ልኩ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ሦስት ጣት ያህል። ሐኪሙ ከፈቀደ ምላስ የሚጫኑባቸውን እንጨቶች ደራርቦ በጥርሶቹ መሐል ለ30 ሰከንድ ይያዝ፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ እየጨመረ። ልምምዱ ወደፊት አልሄድ ካለ መገጣጠሚያው በአጥንት ተያይዞ እንደሆነ በሲቲ ይታይ። የከንፈሩ ስሜት፣ ነርቩ ካልተበጠሰ፣ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ እስከዚያ ትኩስ ነገር እንዳያቃጥለው ይጠንቀቅ። ጠባሳ ለመብሰል ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል።

ሰው አለማየቱን ግን እንደ ቁስሉ ሁሉ ሕክምና የሚሻ ነገር አድርገው ይያዙት። ሞትን ተመኝቶ እንደሆነ በግልጽ ቃል ይጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። ራሱን የተኮሰ ከሆነ ደግሞ መሣሪያ በቤት ውስጥ አይኑር፤ የአእምሮ ሐኪም ክትትሉም ፊቱ እስኪጠገን ሳይጠበቅ አሁኑኑ ይጀመር። መናገር የሚከብደው ከሆነ ለዚያ ቀጠሮ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይሂድ፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው እንዳይመልስለት።