የኮምፒውተርን ሰዓት ለኔትዎርኩ የሰዓት ምንጭ ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ከውጭ የሰዓት ምንጭ ጋር በማይገናኝ ኔትዎርክ ውስጥ አንድ ማሽን የራሱን ሰዓት ለሌሎቹ እንዲያድል ስለማድረግ የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ፋይል ውስጥ ሲያስገቧቸው በላቲን ፊደል ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት የሌለው ኔትዎርክ አለኝ። አንዱ ማሽን ላይ ኤንቲፒዲ የተባለውን ሰዓት የሚያመሳስል ፕሮግራም ጭኜ ሰርቨር አደረግኩት፤ ሌሎቹ ግን ለማመሳሰል የሚሆን ሰርቨር አላገኘንም ይላሉ። ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል። ምን ጎድሎ ነው?

መልስ፦ የጎደለው ሰርቨሩ ራሱ የሚያምነው ምንጭ ነው። በኤንቲፒ፣ ማለትም ማሽኖች ሰዓት በሚለዋወጡበት ደንብ፣ እያንዳንዱ ማሽን ከእውነተኛው የሰዓት ምንጭ ስንት ደረጃ እንደሚርቅ በስትራተም ቁጥር ይናገራል። ጂፒኤስ ወይም አቶሚክ ሰዓት በቀጥታ የተገጠመለት 1 ነው፤ ከእሱ የሚወስደው 2፤ እንዲህ እያለ እስከ 15 ይሄዳል። 16 ማለት «አልተመሳሰልኩም፣ ሰዓቴን አትውሰዱ» ማለት ነው። ምንጭ የሌለው ኤንቲፒዲ ለሚጠይቀው ሁሉ 16 ብሎ ይመልሳል፤ ደንበኞቹም፣ ማለትም ሰዓት የሚጠይቁት ማሽኖች፣ መልሱ ደርሷቸው ይጥሉታል። ፒንግ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

በሰርቨሩ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦

ሰርቨር 127.127.1.0
ፈጅ 127.127.1.0 ስትራተም 10

127.127.1.0 የማንም ማሽን አድራሻ አይደለም። ለኤንቲፒዲ «የራስህን ሰዓት እንደ ምንጭ ቁጠረው» የሚል ምልክት ነው። አገልግሎቱን ዳግም ካስነሱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወዲያው ቢሞክሩ አሁንም 16 ነው የሚያገኙት።

የሚጠቀሙት ክሮኒ የተባለውን ሌላ የሰዓት ፕሮግራም ከሆነ «ሎካል ስትራተም 10» ይበቃል። ግን «አላው 192.168.1.0/24» ብለው የራስዎን ኔትዎርክ ካልፈቀዱለት ክሮኒ ለማንም አይመልስም። በሁለቱም በኩል ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 123 ክፍት ይሁን።

ጥያቄ፦ ለምን 10? 1 ባደርገው ይበልጥ አይታመንም?

መልስ፦ ይታመናል፤ ችግሩም እሱ ነው። ቁጥሩ ሰዓቱን አያስተካክለውም፣ የሚሰጠውን ክብር ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ያ ማሽን አንድ ቀን እውነተኛ ምንጭ ካለው ኔትዎርክ ጋር ቢገናኝ፣ የተዛባ ሰዓቱን ይዞ ከጂፒኤስ ሰርቨር እኩል ወይም ተቀራርቦ ይቆማል። 10 ላይ ሲሆን ግን እውነተኛ ምንጭ እስካለ ድረስ ቦታውን ይለቃል። የፈጅ መስመሩን ከረሱት ኤንቲፒዲ 5 ይወስዳል፤ እሱም ከሚገባው በላይ ነው። ወደ 15 መግፋትም አይጠቅምም፤ ደረጃው ወዲያው 16 ይደርስና ሰዓቱን ለቀጣዩ ማስተላለፍ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ይህን ካደረግኩ በኋላ የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል ሆኖ ይቆያል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ፦ ሎካል ክሎክ፣ ማለትም እንደ ምንጭ የተቆጠረው የማሽኑ የራሱ ሰዓት፣ ሰዓትን አይጠብቅም፣ ሰዓትን የማደል ፈቃድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰዓቱን ከራሱ ጋር ስለሚያነጻጽር ልዩነቱ ምንጊዜም ዜሮ ሆኖ ይታያል።

ከስር ያለው ተራ የክዋርትዝ ክሪስታል ነው። ከሚሊዮን 20 ቢዛነፍ በቀን 1.7 ሴኮንድ፣ ከሚሊዮን 50 ቢዛነፍ በቀን 4.3 ሴኮንድ ይሆናል፤ ይህ ሁለተኛው በ30 ቀን ከሁለት ደቂቃ ያልፋል። የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ መዛነፉም ይለዋወጣል። ያም ሆኖ ሁሉም ማሽን አብሮ ነው የሚንሸራተተው። የፈለጉት የማሽኖቹ ሎግ እርስ በርሱ እንዲገጥም ከሆነ ይህ ይበቃዎታል።

መንሸራተቱን መቀነስ ይቻላል። ማሽኑን ለጥቂት ቀናት ከእውነተኛ ምንጭ ጋር ማገናኘት ከቻሉ የድሪፍት ፋይሉ የክሪስታሉን ጠባይ ይመዘግባል፤ ከተለያዩ በኋላም ያ እርማት ይቀጥላል። ካልቻሉ በእጅ ይለኩ፦ በ24 ሰዓት 3 ሴኮንድ ከተዛነፈ፣ 3 ለ86,400 ሲካፈል ከሚሊዮን 34.7 ነው። ቁጥሩን ወደ ድሪፍት ፋይሉ የሚጽፉት አገልግሎቱን አቁመው ነው፤ እየሠራ ከጻፉት ራሱ ይደመስሰዋል። ምልክቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤንቲፒዲ የሚጽፈው እርማቱን ስለሆነ ወደ ኋላ ለሚቀር ሰዓት ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው። ክሮኒ የሚጽፈው ግን ስሕተቱን ነው፤ ፖዘቲቭ ማለት ሰዓቱ ይቀድማል ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጡ መዛነፉን እጥፍ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ መመሪያዎች እነዚያን ሁለት መስመሮች ደንበኞቹም ላይ አስገቡ ይላሉ። ላስገባ?

መልስ፦ አያስገቡ፤ ካሉም ያውጧቸው። ደንበኛው ሰርቨሩን ቢያጣ በመጨረሻ ባወቀው ፍጥነት መሄዱን አያቆምም፤ ለዚያ ሎካል ክሎክ አያስፈልገውም። መስመሮቹ ካሉ ግን ሰርቨሩ ሲጠፋ ወደ ራሱ ሰዓት ይዞርና «ተመሳስያለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። ክትትል የሚያደርግ ፕሮግራም ካለዎትም ምንም አያስጠነቅቅም።

ለማጣራት «ኤንቲፒኪው» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ፒ» አማራጭ ጋር ያስኪዱ። ኮከቧ «ሎክል» ከሚለው መስመር ፊት ካለች፣ ሪች 377 (የመጨረሻዎቹ ስምንት ሙከራዎች ሁሉ ተሳክተዋል) ሆኖ ኦፍሴትም (የሰዓት ልዩነቱ) 0.000 ከሆነ፣ ማሽኑ የሚሰማው ራሱን ነው። በጣም የተስተካከለ የሚመስለው ያ መስመር ነው መጠርጠር ያለበት።

ጥያቄ፦ ለመጠባበቂያ ሁለት ሰርቨር ማቆም እፈልጋለሁ። ሁለቱም ላይ ሎካል 10 ላድርግ?

መልስ፦ እንደዚያ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይኖርዎታል። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይንሸራተታል፤ ግማሹ ደንበኛ ወደ አንዱ፣ ግማሹ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለት ምንጭ ብቻ ያየ ደንበኛ ደግሞ የትኛው እንደተሳሳተ የሚለይበት መንገድ የለውም።

በሎካል ክሎክ መሥራት ግድ ከሆነ በመካከላቸው የሁለት ደረጃ ልዩነት ይተዉ፦ ዋናው 10፣ መጠባበቂያው 12፤ መጠባበቂያውም ከዋናው ይውሰድ። ዋናው በሕይወት እያለ መጠባበቂያው እሱን ይከተላል፣ ሲጠፋ ብቻ ወደ ራሱ ሰዓት ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱ አማራጮች 11 ላይ ይገጣጠማሉ።

የተሻለው ኦርፋን ሞድ ነው። በኤንቲፒዲ የሎካል መስመሮቹን አጥፍተው ሁሉም ላይ «ቶስ ኦርፋን 6» ያስገቡ፤ ሰርቨሮቹን ደግሞ በ«ፒር» እርስ በርስ ያያይዟቸው። ምንጭ ከጠፋ 300 ሴኮንድ በኋላ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው እሱን ይከተላሉ። በክሮኒ «ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን» ነው፤ እያንዳንዱም የሌላውን አድራሻ በሰርቨር መስመር ይያዝ። ሎካል ክሎክና ኦርፋንን አንድ ላይ አያደባልቁ።

ጥያቄ፦ የሰዓት ሰርቨሬ ዊንዶውስ ነው። ሌሎች የዊንዶውስ ማሽኖች ይቀበሉታል፣ ሊኑክሶቹ ግን እምቢ አሉ።

መልስ፦ በራሱ ሰዓት የሚሠራ ዊንዶውስ «እስከ 10 ሴኮንድ ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ ነው የሚያውጀው። ኤንቲፒዲ ከ1.5 ሴኮንድ፣ ክሮኒ ከ3 ሴኮንድ በላይ የሆነ ጥርጣሬ ያለበትን ምንጭ አይቀበሉም። በሬጂስትሪ፣ በደብሊው32ታይም ሥር ባለው «ኮንፊግ» ውስጥ «ሎካልክሎክዲስፐርሽን» የሚለውን ከ10 ወደ 0፣ «አናውንስፍላግስ» የሚለውን ደግሞ ወደ 5 ይለውጡና አገልግሎቱን ዳግም ያስነሱ። ይህን የማደርገው ለተነጠለ ኔትዎርክ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ምንጭ ማግኘት የሚቻል ከሆነ ዊንዶውሱን ከሱ ጋር ማገናኘት ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ ቨርቹዋል ማሽን ቢሆንስ?

መልስ፦ አይምረጡት። ለጊዜው ቆሞ ሲነሳ ወይም ወደ ሌላ አስተናጋጅ ሲዛወር ሰዓቱ ሊዘል ይችላል። አካላዊ ማሽን ይሁን።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ ከተንሸራተተ በኋላ በእጅ ሳስተካክለው ደንበኞቹ ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ በመጠኑ ይወሰናል። ከ128 ሚሊሴኮንድ በታች ከሆነ ኤንቲፒዲ ቀስ ብሎ ይስባል። ከዚያ በላይ ሲሆንና ልዩነቱ ሳይጠፋ ሲቆይ ሰዓቱን በአንዴ ያዘልለዋል። ከ1,000 ሴኮንድ ካለፈ ደግሞ ስሕተት ነው ብሎ ራሱን ይዘጋል። ቀስ ብሎ የሚስበው በሴኮንድ ግማሽ ሚሊሴኮንድ ብቻ ስለሆነ 1 ሴኮንድ ለመሳብ ከ33 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

ስለዚህ ወር ጠብቆ ሁለት ደቂቃ ከማዘለል በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማስተካከል ይሻላል። ወደ ኋላ መመለስ በተለይ ለዳታቤዝ አስቸጋሪ ነው፤ ሎግ ላይም አንዱ ሰዓት ሁለቴ ያልፋል። ትልቅ እርማት ካስፈለገ ዳታቤዞቹን ያቁሙ፣ የሰርቨሩን ሰዓት ያስተካክሉ፣ ከዚያ ደንበኞቹን «ጂ» በሚለው አማራጭ ያስነሱ፤ ይህ አማራጭ የመጀመሪያውን ትልቅ ዝላይ አንዴ ይፈቅዳል።

የማዘርቦርዱን ባትሪም አይርሱ። ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 ነው። ባትሪው ከሞተ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ በአሮጌ ቀን ይነሳና ሎካል ክሎኩ ያንኑ ቀን በሙሉ ልብ ያድላል።

ጥያቄ፦ ከዚህ የተሻለ ነገር ከፈለግኩስ?

መልስ፦ የፒፒኤስ (በየሴኮንዱ አንድ ምት የሚሰጥ) ውጤት ያለው የጂፒኤስ መቀበያ ይግጠሙ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ፒፒኤሱን በሲሪያል ፖርት ዲሲዲ እግር በኩል ካስገቡት ትክክለኛነቱ ወደ ማይክሮሴኮንዶች ይወርዳል። በዩኤስቢ የሚሰካና ፒፒኤስ የሌለው መቀበያ ግን በአሥሮች ሚሊሴኮንድ ሊወዛወዝ ይችላል። አንቴናው ሰማይ በደንብ የሚያይበት ቦታ ይሁን፤ ሎካል 10 ደግሞ መቀበያው ሲግናል ሲያጣ እንዲተካው በቦታው ይቆይ።