የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቤት ሳይወጡ ሐረርንና ድሬዳዋን ማጥናት (በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የቀረበ)

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የታሪክ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተዘጉ ተማሪዎቼ ሁሉ ቤት ውለዋል። በሌላው ጊዜ ልጆቹን ወደ ሐረር ወስጄ በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ አስጎበኛቸው ነበር፤ ዘንድሮ በ2012 ዓ.ም. ግን ጉዞው ተገድቧል፣ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከልክሏል። በኢንተርኔት ስፈልግ ደግሞ በብዛት የሚመጣልኝ ጅብ ሲመገብ የሚያሳይ የቱሪስት ቪዲዮ ነው። የሁለቱን ከተሞች ታሪክና ባህል ከቤት ሳንወጣ በቁም ነገር ለማጥናት ከየት ብንጀምር ይሻላል? ወላጆች የዳታው ወጪ አልተቻለም ስለሚሉ ይህንንም ከግምት ቢያስገቡልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች አንባቢያንም ስለደረሰን ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን። ስለ ሐረርና ስለ ድሬዳዋ በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ቁም ነገር ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። ሆኖም አብዛኛውን የጻፉትና ፎቶግራፉን ያነሡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ስለሆኑ፣ ተማሪዎችዎ ያገኙትን ሁሉ አንብበው ብቻ የሚያልፉ ከሆነ የገዛ አገራቸውን በእንግዳ ዓይን ያውቋታል። ስለዚህ የምመክርዎ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሥዕል ወይም ጽሑፍ በቤታቸው ላሉ ትልልቅ ሰዎች አሳይተው፣ እነርሱ የሚሉትን በስልካቸው እንዲቀዱና እንዲጽፉ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ ለዚህ ሥራ ጊዜ አይገኝም ነበር፤ አሁን ግን አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይውላሉ።

ለሐረር መነሻ የሚሆንዎ የጁገል የዓለም ቅርስ ሰነድ ነው። ጁገል በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ለምዝገባው የቀረበው ጽሑፍ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በፒዲኤፍ ስለሚገኝ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያወርደው ይችላል። እንግሊዝኛው ለታዳጊዎች ከበድ ስለሚል እርስዎ ዋና ዋናውን ተርጉመው ቢያቀርቡላቸው ይሻላል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች (የቅዱሳን ሰዎች) መካናት እንዳሉ፣ ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆዩ እንደሆኑ ዩኔስኮ መዝግቧል።

ተማሪዎቹን ይበልጥ ይስባቸዋል ብዬ የማምነው ግን የሐረሪዎች ቤት፣ ጌይ ጋር የሚባለው ነው። ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩ፣ ነደባ በሚባሉ አምስት መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ማን በየትኛው መደብ እንደሚቀመጥም የታወቀ ሥርዓት አለው። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የተከበረው ሰው መቀመጫ ሲሆን፣ ትልቁ መደብ ደግሞ ግድር ነደባ ይባላል። በግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው መስኮት መሰል ጉድጓዶች ይታያሉ፣ በግድግዳው ላይም የቤቱ ሴቶች የሰፏቸው ባለ ቀለም ሰፌዶች በረድፍ ይሰቀላሉ። በአንድ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ስትሆን፣ ሙሽሮች የመጀመሪያ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በእርሷ ውስጥ ነው። የቤቱን ንድፍ ከሰነዱ ላይ በወረቀት እንዲገለብጡ ያድርጉና፣ ሐረር ዘመድ ያላቸው ልጆች ስልክ ደውለው በዘመዳቸው ቤት እያንዳንዱ መደብ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ይጠይቁ። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ልጆቹም ሥርዓቱን ከሰነዱ በላይ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ፎቶግራፍ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እየተመላለሰ በሐረር በንግድ ሲሠራ ኖሯል፤ በ1883 ደግሞ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሦስት የራሱን ምስሎች ልኳል፤ በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ በሌላው በቡና አትክልት ውስጥ፣ በሦስተኛው ደግሞ በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ምስሎቹ የነጡትም ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለነበረ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ለቡና መጫኛ የሚሆን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ አንድ የሐረር ባለሙያን ያነሣበት ፎቶግራፍም በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጋሊካ በተባለው ድረ ገጹ ከመዛግብቱ ብዙዎቹን በነፃ ያሳያል። ልጆቹ ስለ ገጣሚው ሕይወት ብዙ ባይጨነቁ ይሻላል፤ ስለ እርሱ የተጻፈው እጅግ ብዙ ስለሆነ ከተማይቱን እስከ መሸፈን ይደርሳል። ይልቁንም በፎቶግራፉ ላይ ያለው ባለሙያ ምን ለብሷል፣ በምን ላይ ተቀምጧል፣ በዙሪያው ያሉት ዕቃዎች ዛሬ በገበያ ይታያሉ ወይ ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ከቆዳ ፋቂ ወይም ከቡና ነጋዴ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ከፕሮፌሰር የተሻለ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

የመንገደኞችን መጻሕፍት በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ለ10 ቀናት ያህል ተቀምጧል። በ1856 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የባለቤትነት ዘመኑ ስላለፈ በፕሮጀክት ጉተንበርግና በኢንተርኔት አርካይቭ፣ መጻሕፍት በነፃ በሚነበቡባቸው ድረ ገጾች፣ ይነበባል። ስለ አሚሩ አደባባይና ስለ ገበያው የሰጠው ዝርዝር፣ በመጨረሻም የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት መዝገብ አብሮ ማተሙ ዋጋ አለው። ነገር ግን ስለ ሕዝቡ ጠባይ፣ በተለይም ስለ ሶማሌዎች፣ ስለ ኦሮሞዎችና ስለ ሐረሪዎች የተናገረው በዘመኑ የአውሮፓውያን ንቀት የተሞላ ነው። ስለዚህ ልጆቹ መጽሐፉን ለብቻቸው እንዲያነቡት ባይሰጡና እርስዎ መርጠው አንድ ሁለት ገጽ ቢያነቡላቸው እመርጣለሁ። የቃላት መዝገቡን ግን ጌይ ሲናን (የሐረሪን ቋንቋ) ለሚናገር ተማሪ ይስጡት፤ አያቱ የትኛውን ቃል እንደሚያርሙ ጽፎ ያምጣ።

ወደ ራስዎ ከተማ ስንመለስ፣ ድሬዳዋ ታሪኳ አጭር ስለሆነ ገና በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚያስታውሱት ክፍል ሰፊ ነው። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ደጋ ማውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ስለነበረ መስመሩ በቆላው አለፈ፤ አዲሲቱም ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከደቻቱ ወንዝ በዚህኛው ወገን የባቡር ኩባንያው ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት ከዚራ፣ በዚያኛው ወገን ደግሞ መጋላ የሚባለው ሰፈር ለምን እንዲህ ተለያይተው እንደተሠሩ በሳተላይት ካርታ ላይ ብቻ እንኳ ማስተማር ይቻላል። የመንገዶቹን ቅርጽ ከላይ ሲያዩት ማን እንዳቀደውና ማን እንደሰፈረበት በግልጽ ይነበባል።

የጣቢያውና የከተማው የድሮ ፖስት ካርዶች ነፃ የምስሎች ክምችት በሆነው ድረ ገጽ በዊኪሚዲያ ኮመንስና በፈረንሳይ መዛግብት ይገኛሉ። ሲፈልጉ የከተማውን ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ጭረት አስገብተው ይሞክሩት፤ ሐረርንም አንዳንዱ ጸሐፊ በአንድ «ር» አንዳንዱ በሁለት ስለሚጽፋት ሁለቱንም ቢሞክሩ ያገኙት ይበዛል። ከዚያ በኋላ ምስሉን ለምድር ባቡር ጡረተኞች ማሳየት ነው። ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋቸው አድርገው ያገለገሉ፣ የእያንዳንዱን ጣቢያ ስም በቅደም ተከተል የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በከተማችን አሉ። ሆኖም በሽታው ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በዕድሜ የገፉትን ስለሆነ፣ አንድም ተማሪ ወደ ጡረተኛ ቤት እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። ምስሉ በስልክ ይላክ፤ ቃለ መጠይቁም በስልክ ይሁን። «ታሪክ ይንገሩኝ» የተባለ ሽማግሌ ምን ብሎ እንደሚጀምር ይቸገራል፤ «አባባ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ ጣቢያው ላይ ምን ይሸጥ ነበር? ለሌሊት ሥራ ከቤት ስንት ሰዓት ይወጡ ነበር?» የተባለ ግን ሳይታክት ይናገራል። ቃለ መጠይቁም በሚቀናቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም ይሁን፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

ትልልቆቹ ተማሪዎች ሌላም ነገር ሊያነቡ ይችላሉ። ከድሬዳዋ ከተማ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የኖሩ ሰዎች ቀይና ቢጫ የአፈር ቀለም ይፈጩ ነበር። ከዋሻው የወጣው ቀለም 40 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በነፃ በሚነበበው ፕሎስ ዋን መጽሔት ወጥቷል፤ ጽሑፉ ቢከብዳቸው እንኳ የመፍጫ ድንጋዮቹን ፎቶግራፍ ይመልከቱ።

ስለ ዳታው፣ አንድ ሰው ብቻ በሌሊት ጥቅል ፋይሎቹን አውርዶ በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ለጎረቤት ልጆች ቢያካፍል ወጪው ይቀንሳል። ጽሑፍና ፎቶግራፍ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ዳታ ይወስዳሉ። ካርዱን ሲቀባበሉ ግን ርቀት መጠበቅና እጅ መታጠብ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሐረር ነው። ልጄ ለቤት ሥራ ስለ ጁገል ሲያነብ አንዱ ድረ ገጽ ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ ይላል፣ ሌላው አሚር ኑር አሠራው ይላል፤ በሮቹንም አንዱ አምስት ሌላው ስድስት ይላል። ልጁ የትኛውን ይጻፍ?

መልስ፦ ሁለቱንም ጽፎ ከየት እንዳገኘው ይግለጽ። ከ13ኛው እስከ 16ኛው የሚለው በዩኔስኮ መግለጫ ላይ ያለ ነው። በከተማው ትውፊትና በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ደግሞ ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆኑ የታወቀ ነው። የኢማም አሕመድ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ከተማይቱ ራሷን መከላከል ግድ ሆኖባት ስለነበር፣ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ የአሚር ኑርን ታሪክ ዋና አድርጎ መያዙ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ በሮቹ ያለው ልዩነት የሚታረቅ ነው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ስድስተኛውና መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። ሐረሪዎች እነዚያኑ አምስት በሮች በራሳቸው ስም፣ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ብለው ስለሚጠሯቸው፣ በኢንተርኔት ላይ አሥር በር ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው ስም የየትኛው በር እንደሆነ ልጅዎ ከድረ ገጽ ከሚገለብጥ ይልቅ ከሰፈራችሁ ሽማግሌ ጠይቆ በአንድ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውንም ቢጨምርበት፣ ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ የተሻለ ሥራ ይዞ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ሥራ ስለተቀዛቀዘ የአያቴን የፎቶግራፍ ሣጥን እያገላበጥኩ ነው። የድሮ ሰርግ፣ የሹዋሊድ በዓልና የመጋላ ሱቆች ፎቶግራፎች አሉ። በኢንተርኔት ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ? (ከመጋላ)

መልስ፦ ፎቶግራፎቹን ከአልበም ላይ በኃይል አይላጩ፤ የተጣበቀው ከነገጹ ይነሣ። በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ የስልኩን ፍላሽ አጥፍተው ከላይ ያንሷቸው። ጀርባውንም ማንሣት አይርሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የእጅ ጽሑፍና ቀን የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል ቁጥር ሰጥተው፣ አያትዎ ስለ እርሱ የሚናገሩትን በድምፅ ይቅዱና ፋይሉን በዚያው ቁጥር ያስቀምጡ። የሹዋሊድን ምስሎች ሲያሳዩዋቸው በተለይ ይታገሡ፤ ከሸዋል ወር ስድስት ቀን ጾም በኋላ በሚከበረው በዚያ በዓል ላይ ማን ከበሮ ይመታ፣ የትኛው ሰፈር ከየትኛው ጋር ይዘፍን እንደነበር የሚያስረዳ ሰው እያነሰ ሄዷል።

ወደ ኢንተርኔት ከማውጣትዎ በፊት ግን በምስሉ ላይ ያሉትን ወይም ቤተሰቦቻቸውን ፈቃድ ይጠይቁ። የሰርግ ምስል የቤት ምስጢር ነው፤ በዚያ ዘመን ለቤተሰብ ዓይን ብለው የተነሡ ሴቶች ዛሬ በማያውቁት ሰው ስልክ ላይ መታየትን ላይፈልጉ ይችላሉ፣ እምቢ ካሉም ምስሉ በቤት ይቅር። የሱቆቹና የአደባባዩ ፎቶግራፎች ብዙም አያስቸግሩም፤ እነርሱን ሲያወጡ የባለቤቱን ስም፣ ቦታውንና የሚታወቅ ከሆነ ዓመቱን ከሥር ይጻፉ። ዋናውን ወረቀት ደረቅ በሆነ ቦታ፣ ከፕላስቲክ ይልቅ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አኑረው፣ የዲጂታሉን ቅጂ ደግሞ በስልክዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላ ዘመድ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ዲስክ ላይም ያስቀምጡ።