መልስ፦ በጾም ሕንድ መንገድ ላይ ምን ይበላል?

"ከዴልሂ ወደ አምሪትሳር በመኪና ልንሄድ ነው፣ ጾም ላይ ነን፣ መንገድ ላይ ምን እንበላለን?" ላልከው፦ አይዟችሁ፣ አትራቡም። ዳባ የሚባሉት የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበዙበትን ምረጡ፤ ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ ትኩስ ነው።

ግን "ፒዩር ቬጅ" (ሥጋ የሌለበት ምግብ ብቻ) የሚለው ታፔላ እንዳይሸውዳችሁ። ሥጋ የለም እንጂ ወተቱ፣ ቅቤውና ፓኒር የሚሉት አይብ አለ። መንገዳችሁ ላይ ባለችው ሙርታል በምትባለው ቦታማ ፓራታ በሚሉት ቂጣ የታወቁት ዳባዎች ነጭ ቅቤ ከላይ ጣል ያደርጉበታል (ለፍስክ ያቆያችሁ!)። ዳል መክኒ የሚሉት የጥራጥሬ ወጥም ቅቤና ክሬም አለበት። ናን የሚሉት ዳቦ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባል።

የሽምብራ ወጡን፣ ቻናን፣ በታንዱሪ ሮቲ (በምድጃ በተጋገረ ቂጣ) እዘዙ። "ቢና ጊ፣ ቢና መክን" በሉ፤ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ሻዩም በወተት ነው የሚፈላው። ውኃ የታሸገ ብቻ።